ከአንድ በላይ ራውተር ባለበት ኔትወርክ የትራፊክ ቅድሚያ አሰጣጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐዋሳ ያሉ ሆቴሎች፣ የግል ኮሌጆች፣ ክሊኒኮችና መካከለኛ ቢሮዎች ኔትወርካቸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ታቅዶ የተዘረጋ ሳይሆን በየዓመቱ እየተቀጠለ ያደገ ነው። መጀመሪያ የኢንተርኔት አቅራቢው ያስገባው ሞደም ይኖራል፤ ቢሮው ሲሰፋ አንድ ራውተር ይጨመራል፤ ከጓሮ አዲስ ሕንጻ ሲነሣ ደግሞ ሌላ ይከተላል። ችግሩ የሚታወቀው አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ጋር በዙም ስብሰባ ተይዞ ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር ነው። ከዚህ በታች የተሰባሰቡት፣ እንዲህ ያሉ ኔትወርኮችን በማስተካከል ሥራችን ላይ ደንበኞችና ጀማሪ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ቅድሚያ መስጠት ኢንተርኔቱን ያፈጥነዋል?

አያፈጥነውም። ከአቅራቢው የገዙት መጠን ያው ነው፤ የቅድሚያ ደንብ የሚወስነው መስመሩ ሲሞላ ማን ቀድሞ እንደሚያልፍና ማን እንደሚጠብቅ ብቻ ነው። መስመሩ ባልሞላበት ሰዓት ደንቡ ኖረም አልኖረም ልዩነቱ አይታይም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የመላኪያ ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሆነ መስመር አለ እንበል። አንድ ሙሉ ፓኬት (ኔትወርኩ መረጃን ቆራርጦ የሚልክበት ቁራጭ) 1500 ባይት፣ ማለትም 12,000 ቢት ስለሆነ ይህን መስመር ለማለፍ 6 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። አንድ ሠራተኛ የሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም መላክ ጀምሮ 50 ፓኬት ከፊት ቢሰለፍ፣ ከኋላ የደረሰው የድምፅ ፓኬት 300 ሚሊሴኮንድ ቆሞ ይጠብቃል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ለጥሩ ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሴኮንድ እንዳይበልጥ ነው፤ እዚህ ግን ድምፁ ገና ከግቢው ሳይወጣ የዚያን እጥፍ ዘገየ። ቅድሚያ ከተሰጠው ያው የድምፅ ፓኬት ቢበዛ በመውጣት ላይ ያለውን አንድ ፓኬት ብቻ ጠብቆ ያልፋል። የሠርጉ ቪዲዮ በዚህ ምክንያት በጥቂት ሚሊሴኮንድ ይዘገያል፤ ያንን ደግሞ ሙሽራዋም ልብ አትለውም።

በአንዱ ራውተር ላይ ቅድሚያ አስተካክዬ ነበር፤ ለምን ለውጥ አላመጣም?

በብዛት የሚቀርብልን ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ደንቡ የተጻፈው ወረፋ በማይፈጠርበት ራውተር ላይ ነው።

ወረፋ የሚፈጠረው ፈጣኑ መስመር ከዘገምተኛው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ነው። ሰፊ አስፋልት ላይ የሚመጡ ባጃጆች አንድ ባጃጅ ብቻ ወደሚያሳልፍ ኮብልስቶን መንገድ ሲታጠፉ የሚቆሙት መታጠፊያው ላይ እንጂ አስፋልቱ መሐል አይደለም፤ የትራፊክ ፖሊሱንም አስፋልቱ መሐል ማቆም አይጠቅምም። በኔትወርክ ውስጥ ያለው አስፋልት በሴኮንድ 1 ጊጋቢት ወይም 100 ሜጋቢት የሚያሳልፈው የግቢው ኬብል ሲሆን፣ ኮብልስቶኑ ደግሞ ወደ አቅራቢው የሚሄደው መስመር ነው።

እኛ ራሳችን በዚህ ተሳስተን ግማሽ ቀን አጥፍተናል። በሐይቁ አቅራቢያ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሦስት ራውተሮች ነበሩት፤ በእንግዳ መቀበያው የአቅራቢው ሞደም፣ በሒሳብ ክፍል አንድ ሚክሮቲክ የተባለ ራውተር፣ በአዲሱ ሕንጻ ደግሞ አንድ የቤት ራውተር። ድምፅ የሚቆራረጠው በአዲሱ ሕንጻ የስብሰባ አዳራሽ ስለነበር ቅድሚያውን እዚያው ባለው ራውተር ላይ አስቀመጥን። ራውተሩ ግን ከሚክሮቲኩ ጋር የተገናኘው በ100 ሜጋቢት ኬብል ነበርና የተቀበለውን ሁሉ ወዲያውኑ ያስተላልፍ ነበር፤ አንዲትም ፓኬት ስትጠብቅ አላየም፤ ስለዚህ የሚያስቀድመውም ሆነ የሚያስከትለው አልነበረውም። ወረፋው በሙሉ ተጠራቅሞ የቆመው ማንም ያልነካው የእንግዳ መቀበያው ሞደም ውስጥ ነበር። ሞደሙ ደግሞ ሁሉንም በመጡበት ተራ ብቻ ነበር የሚያስተናግደው።

ሞደሙ የአቅራቢው ነው፤ ልነካው አልችልም። ታዲያ ምን ላድርግ?

ወረፋውን ከሞደሙ አውጥተው ወደሚያዙበት ራውተር ያምጡት። ይህን ለማድረግ ከሞደሙ ቀጥሎ ያለው ራውተር ከመስመሩ እውነተኛ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ባለ መጠን ብቻ እንዲልክ ይገደባል። መነሻው ከተለካው ፍጥነት ከ85 እስከ 95 በመቶ ባለው ውስጥ ነው። መስመሩ በእርግጥ 20 ሜጋቢት የሚሰጥ ከሆነ በ18 ይጀምሩ። የተተወው 2 ሜጋቢት እንደ ኪሳራ መታየት የለበትም፤ ሞደሙ ምንጊዜም ባዶ ሆኖ እንዲቆይ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን ለሚሉ፣ ሞደሞች ፓኬት ላለመጣል ሲሉ ትልቅ ማጠራቀሚያ ይዘው ይሠራሉ። 256 ኪሎባይት ማጠራቀሚያ በ2 ሜጋቢት መስመር ላይ ከሞላ ባዶ ለመሆን ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይወስድበታል። ጂም ጌቲስ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ይህን ሕመም በሰፊው አሳወቀ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮድል የተባለውን የወረፋ አያያዝ ዘዴ አወጡ። ኮድል የሚመለከተው ወረፋው ስንት ባይት እንደሆነ ሳይሆን ፓኬቱ ስንት ጊዜ እንደቆመ ነው፤ ከ5 ሚሊሴኮንድ በላይ የሚቆይ ወረፋ ለ100 ሚሊሴኮንድ ያህል ካልቀነሰ ፓኬት እየጣለ ላኪውን ዝግ እንዲል ያስገድደዋል። ዛሬ ከኮድል የተወለዱት ዘዴዎች ኤፍኪው-ኮድል እና ኬክ በሚሉ ስሞች ኦፕን-ደብሊውአርቲ የተባለው ሶፍትዌር በተጫነባቸው ራውተሮችና በሚክሮቲክ ሶፍትዌር በራውተርኦኤስ 7 ላይ ይገኛሉ። በእኛ ልምድ ለትንንሽ ቢሮዎች ኬክን በመውጫው ራውተር ላይ ከትክክለኛ ገደብ ጋር ማብራት ብቻውን ከአቤቱታው አብዛኛውን ዝም ያሰኘዋል፤ በዚያ ከበቃዎት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሳያነቡ መተው ይችላሉ።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። ልኬቱን በጠዋት ብቻ አይውሰዱ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ዩቲዩብና ቲክቶክ በሚከፍትበት ጊዜም ለክተው ዝቅተኛውን ይያዙ። መስመርዎ በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በየደቂቃው ስለሚዋዥቅ የተወሰነ ገደብ አንድ ጊዜ ይጠብባል፣ ሌላ ጊዜ ይሰፋል፤ እዚያ ፍጹም ውጤት አይጠብቁ።

የሚወርደውን ትራፊክም ማስቀደም ይቻላል?

በተዘዋዋሪ። የሚወርደው ወረፋ የሚፈጠረው በአቅራቢው በኩል ነው፤ ፓኬቱ እርስዎ ጋር ሲደርስ ጠባቡን መንገድ አልፎታል። ሆኖም አብዛኛው የሚወርድ ትራፊክ ቲሲፒ በተባለው፣ መድረሱን እያረጋገጠ በሚልክ ፕሮቶኮል የሚመጣ በመሆኑ፣ በእርስዎ ራውተር ላይ ሲዘገይበት ወይም ሲጣልበት ላኪው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለሚወርደውም ገደብ ያስቀምጡ፣ ከሚላከው ግን ትንሽ ጠበቅ ያድርጉት።

ራውተሮቹ እርስ በርስ የሚግባቡት በምንድን ነው?

በእያንዳንዱ ፓኬት ራስጌ ላይ፣ ማለትም አድራሻው በሚጻፍበት የፊት ክፍል ላይ፣ በሚጻፍ ምልክት ነው። የአይፒ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ራስጌው ውስጥ የአገልግሎት ዓይነትን የሚገልጽ አንድ ባይት ተመድቦለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 አርኤፍሲ 2474 የተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ያንን ባይት ዳግም ደልድሎ 6ቱን ቢት ዲኤስሲፒ ለተባለው ምልክት ሰጠው፤ ከ0 እስከ 63 ያሉ 64 እሴቶች ይይዛል።

ሁሉንም መጠቀም አያስፈልግም፤ እንዲያውም አይመከርም። ለአብዛኛው የሐዋሳ ቢሮ አራት ይበቃሉ። 46 ለድምፅ ጥሪ፣ 34 ለቪዲዮ ስብሰባ፣ 0 ለተራው ሥራ ሁሉ፣ 8 ደግሞ ሌሊት ለሚደረግ የመጠባበቂያ ቅጂና ለሶፍትዌር ማዘመኛ። 48 የሚለውን ራውተሮች እርስ በርስ መንገድ ለመነጋገር የሚጠቀሙበት ስለሆነ ለሌላ አይስጡት፤ እሱን በስህተት የገደበ ሰው ራውተሮቹ መንገድ እየጠፋባቸው መስመሩ በየመሐሉ ሲቋረጥ ያያል፣ ምክንያቱንም በቀላሉ አያገኘውም።

ምልክት በራሱ ምንም አያደርግም። 46 ብሎ የተጻፈበትን ፓኬት የትኛው ወረፋ ውስጥ እንደሚያስገባ የሚወስነው እያንዳንዱ ራውተር ነው፤ በአንዱ ላይ 46 ፊት ሄዶ በሌላው ላይ ትርጉም ከሌለው ቅድሚያው እዚያ ላይ አለቀ። ራውተሮቹን ከመንካትዎ በፊት አራቱን እሴቶችና የሚያመለክቱትን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው በመሣሪያዎቹ ቁም ሣጥን በር ላይ የሚለጥፉት ለዚህ ነው። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ያመሰግንዎታል።

ምልክቱን የሚለጥፈው የትኛው ራውተር ነው? ሁሉም?

አንዱ ብቻ፣ ያውም ለመሣሪያው በጣም የቀረበው። ከዚያ በኋላ ያሉት አምነው ይቀበሉታል። ሦስቱም ራውተሮች በየራሳቸው መንገድ ትራፊኩን እንደገና ከመረመሩ፣ አንድ ቀን የአንደኛው ደንብ ተለውጦ የሌሎቹ ሳይለወጥ ይቀራል፤ ያኔ ስህተቱን ለማግኘት ሦስት ቦታ መቆፈር ሊኖርብዎ ነው።

እዚህ ላይ በሆቴሎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ጉዳይ አለ። ውስጠኛው ራውተር አድራሻ የሚቀይር ከሆነ፣ ማለትም ናት ከሠራ፣ ውጫዊው ራውተር የስብሰባ አዳራሹን ካሜራም፣ የእንግዳውን ስልክም፣ የገንዘብ ተቀባይዋን ኮምፒውተርም የሚያያቸው በአንድ አድራሻ ነው። በውጫዊው ላይ ይህ ኮምፒውተር ይቅደም ብለው ቢጽፉ ደንቡ የሚያገኘው ኮምፒውተር የለም። መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያውና የተሻለው ውስጠኛውን ራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም አድራሻ ሳይቀይር ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭ መሣሪያ፣ መቀየር ነው፤ አድራሻ የሚቀይረው አንድ ብቻ ይሁን። ያ የማይቻል ከሆነ ውስጠኛው ራውተር አድራሻ ከመቀየሩ በፊት ምልክቱን ይለጥፍ፤ ናት አድራሻንና የፖርት ቁጥርን (ትራፊኩ የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚለይበትን ቁጥር) እንጂ ዲኤስሲፒን አይነካምና ውጫዊው ራውተር በምልክቱ መለየት ይችላል።

ከእንግዳ ዋይፋይ የሚመጣ ምልክት ግን መታመን የለበትም። ማንኛውም ሰው በራሱ ላፕቶፕ ላይ የፈለገውን ምልክት መጻፍ ይችላል፤ ፊልም የሚያወርደው እንግዳ 46 ቢጽፍ ከሥራ አስኪያጁ ጥሪ እኩል ይሰለፋል። ከእንግዳ መስመር የመጣውን ሁሉ በመግቢያው ላይ ወደ 0 ይመልሱት።

በመሐል ያለ ስዊች ምልክቱን ያጠፋዋል የሚባለው እውነት ነው?

በአንዳንዶቹ ላይ አዎ። በአገራችን አሁንም በብዛት በሥራ ላይ ያሉት የሲስኮ ካታሊስት 2960 እና 3560 ስዊቾች የቅድሚያ አገልግሎታቸው ሳይበራ ምልክቱን እንዳለ ያሳልፉታል፤ አገልግሎቱ ሲበራ ግን እያንዳንዱ ፖርት (እዚህ ላይ የኬብል መሰኪያው ማለት ነው) እምነት ተከልክሎ ይጀምራልና፣ በፖርቱ ላይ ምልክቱን እመን የሚል ትእዛዝ ካልተጻፈ በስተቀር ሁሉንም ወደ 0 ያወርዱታል። ቅድሚያ እንዲሠራ ብሎ ማብሪያውን የተጫነ ሰው ቅድሚያውን በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው።

ስዊቾች በሁለተኛው ንብርብር ላይ፣ ማለትም ከአይፒ በታች ባለው ደረጃ፣ የራሳቸው ምልክትም አላቸው፤ 3 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 7 ብቻ ይቆጥራል፤ የሚጻፈውም በቪላን (አንዱን ኔትወርክ ወደ ተለያዩ ክፍሎች የሚለይ ዘዴ) መለያው ውስጥ ነው። ፓኬቱ መለያው ከሚወልቅበት ፖርት ሲወጣ ምልክቱም አብሮ ይወልቃል። ከራውተር ወደ ራውተር መዝለቅ ያለበትን በዲኤስሲፒ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው።

በኬብል ጥሩ ነው፤ በዋይፋይ ለምን ይበላሻል?

ዋይፋይ ደብሊውኤምኤም በተባለው ሥርዓት ትራፊክን በአራት ይከፍላል፤ ድምፅ፣ ቪዲዮ፣ ተራ እና የኋላ ሥራ። ብዙ አክሰስ ፖይንቶች ከዲኤስሲፒ ወደ እነዚህ የሚተረጉሙት የመጀመሪያዎቹን 3 ቢት ብቻ በማየት ነው። 46 በዚህ አቆራረጥ 5 ይሆናል፤ 5 ደግሞ በዋይፋይ የቪዲዮ ክፍል እንጂ የድምፅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አርኤፍሲ 8325 ምልክት 46ን ወደ 6፣ ማለትም ወደ ድምፅ ክፍል እንዲያስገቡት ይመክራል፤ አክሰስ ፖይንትዎ ይህን የሚቀይሩበት ቦታ ካለው ይቀይሩት።

ይሁን እንጂ ዋይፋይ ላይ የሚጋሩት የአየር ጊዜን ነው። በግቢው ጫፍ፣ ከሁለት ግድግዳ ወዲያ ሆኖ በደካማ ሲግናል ፎቶ የሚልክ አንድ ስልክ የሁሉንም ጊዜ ይበላል፤ ያንን ቅድሚያ አያስተካክለውም፣ ሌላ አክሰስ ፖይንት እንጂ።

የስብሰባ ጥሪን ከዩቲዩብ እንዴት መለየት ይቻላል? ሁሉም የተመሰጠረ አይደለም ወይ?

ይዘቱ የተመሰጠረ ነው፤ የፖርት ቁጥሩ ግን ይታያል። ዙም ለድምፅና ለምስል ከ8801 እስከ 8810 ያሉ የዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልክ ፕሮቶኮል) ፖርቶችን፣ የማይክሮሶፍት ቲምስ ከ3478 እስከ 3481 ያሉትን፣ ጉግል ሚት ደግሞ 3478ን እና ከ19302 እስከ 19309 ያሉትን ይጠቀማሉ። ፋየርዎል እነዚህን ከዘጋባቸው ሁሉም እንደ ድረ ገጽ በፖርት 443 ለመውጣት ይሞክራሉ፤ ያኔ ከዩቲዩብ መለየት ያዳግታል፤ ስለዚህ ቅድሚያ ከመጻፍዎ በፊት ፖርቶቹ ክፍት መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስተማማኝ የሚሆነው በመሣሪያ መለየት ነው። የጠረጴዛ ስልኮችንና የስብሰባ አዳራሹን ካሜራ በራሳቸው ቪላን ያስገቡና ከዚያ ቪላን የመጣውን ምልክት ያድርጉበት። በየሰው ስልክ ላይ የሚደረጉ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ጥሪዎችን አንድ በአንድ እያሳደዱ ለመለየት መሞከር አድካሚ ነው፤ ለእነሱ እያንዳንዱን ፍሰት በእኩል የሚያስተናግደው ኤፍኪው-ኮድል ወይም ኬክ ይበቃቸዋል፤ ጥሪ ቀጭን ፍሰት ስለሆነ እኩል ድርሻ ከተሰጠው አይራብም።

ሥራ አስኪያጁም፣ ሒሳብ ክፍሉም፣ እንግዳ መቀበያውም ቅድሚያ ይፈልጋሉ። ለሁሉም ብንሰጥስ?

ለሁሉም የተሰጠ ቅድሚያ ለማንም አልተሰጠም። ፊት የሚሄደው ወረፋ ከመስመሩ ሲሶ ያህል ባይበልጥ ይመረጣል። ጂ.711 በተባለው የድምፅ አቀራረጽ የሚደረግ አንድ ጥሪ በየ20 ሚሊሴኮንዱ 200 ባይት ፓኬት ስለሚልክ በሴኮንድ 80 ኪሎቢት ይፈጃል፤ 2 ሜጋቢት መላኪያ ባለው መስመር ስምንት ጥሪ 640 ኪሎቢት ይሆናል፣ ሲሶው ላይ ደርሷል። ዘጠነኛው ጥሪ ሲገባ ዘጠኙም እንዳይበላሹ ለድምፅ ወረፋው ጣሪያ ያስቀምጡለት፤ በስልክ ማዕከሉም ላይ የአንድ ጊዜ ጥሪዎችን ቁጥር ይገድቡ።

ሚክሮቲክ ላይ ሁሉንም ጽፌ የወረፋው ቆጣሪ ግን ከዜሮ አይነሣም። ምን ጎደለ?

በመጀመሪያ ፋስትትራክን ይመልከቱ። በፋብሪካው የፋየርዎል ደንብ ውስጥ አብሮ የሚመጣ ማፋጠኛ ሲሆን፣ በእሱ የሚያልፍ ግንኙነት የወረፋ ደንቦቹን ሲምፕል ኪውንና ግሎባል ላይ የተንጠለጠለ ኪው ትሪን፣ ምልክት የሚለጥፈውን ማንግልንም ሳይነካ ያልፋል። ደንቡን ያጥፉት፤ ወይም ምልክት የሚደረግባቸው ግንኙነቶች ወደ እሱ እንዳይገቡ ያድርጉ።

ቆጣሪው እየቆጠረ ቅድሚያው ግን የማይታይ ከሆነ፣ ሌሎቹን ወረፋዎች በሥሩ የሚይዘው ወላጅ ወረፋ ላይ ከፍተኛ ገደብ አልተጻፈም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያለ እሱ የልጆቹ የቅድሚያ ቁጥር ምንም አይሠራም። ሌላው የሚያሳስተው አቆጣጠሩ ነው። በሚክሮቲክ ወረፋ ከ1 እስከ 8 ሲቆጠር 1 ቀዳሚ ነው፤ በስዊቹ የ3 ቢት ምልክት ግን 7 ከፍተኛው ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው የመጠባበቂያ ቅጂውን ከጥሪው አስቀድሞ ይልከዋል።

ከአዲስ አበባ ቅርንጫፋችን ጋር በቪፒኤን ተገናኝተናል። ምልክቱ እዚያ ይደርሳል?

በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ ምልክትዎን ማንም እንዲያከብርልዎ አይጠብቁ፤ በመንገድ ላይ ሊጠፋም ሊለወጥም ይችላል። ከአቅራቢው ጋር በውል የተያዘ የቅርንጫፍ ማገናኛ መስመር ካለዎት ግን ስንት የአገልግሎት ደረጃ እንደሚሰጥና የትኛው የዲኤስሲፒ እሴት የትኛው ደረጃ ውስጥ እንደሚገባ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በቪፒኤን ውስጥ ጥያቄው የውስጡ ምልክት በውጭው ራስጌ ላይ ይገለበጣል ወይ የሚለው ነው። አይፒሴክ የተባለው የቪፒኤን ዓይነት በመደበኛ አሠራሩ ይገለብጠዋል፤ ዋየርጋርድ የተባለው ግን የመረጃ ፓኬቶቹን ያለ ምልክት ይልካቸዋል፤ ስለዚህ በዋየርጋርድ ቅድሚያው መሰጠት ያለበት ፓኬቱ ወደ ቪፒኤኑ ዋሻ ከመግባቱ በፊት ነው። በአይፒሴክ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ወረፋው ፓኬቶችን ካስቀደመና ካስከተለ በኋላ ተቀባዩ ዘግይተው የደረሱትን እንደ ተደገሙ ቆጥሮ ሊጥላቸው ይችላል፤ የድግግሞሽ መከላከያው መስኮት፣ ማለትም ተቀባዩ ቁጥራቸውን የሚያስታውሳቸው ፓኬቶች ብዛት፣ 64 ከሆነ ያስፉት።

ከሁለት አቅራቢ ሁለት መስመር አለን፤ አንዱ ሲቋረጥ ወደ ሌላው ይዞራል። ደንቡ አብሮ ይዞራል?

ለእያንዳንዱ መውጫ የየራሱን ገደብ ከጻፉለት ይዞራል። ለ20 ሜጋቢቱ የተጻፈው ገደብ 5 ሜጋቢት በሚሰጠው መጠባበቂያ መስመር ላይ ምንም አይገድብም።

ቅድሚያው በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አድርገናል፤ በየቀኑ ግን በተወሰነ ሰዓት ይበላሻል።

ሰዓቱን በምን አቆጣጠር ጻፉት? አንድ ኮሌጅ ውስጥ ጥሪዎች በየቀኑ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ መቆራረጥ ይጀምሩ ነበር፤ ከዚያ በፊት ምንም ችግር የለም። የመስመር ልኬት ወሰድን፣ ኬብል ቀየርን፣ በመጨረሻ የራውተሩን ደንብ ስንከፍት ከ02:00 እስከ 11:00 ይላል። የጻፈው ሰው ከጠዋቱ 2 እስከ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለቱ ነበር። ራውተሩ ግን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው የሚሠራው፤ ለእሱ ያ ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። 08:00 እና 17:00 ብለን ስናስተካክል ነገሩ አለቀ።

የሰዓት ቀጣናውም በምሥራቅ አፍሪካ፣ በሦስት ሰዓት ብልጫ መሞላቱን ይመልከቱ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ባትሪ የሌላቸው ብዙ ራውተሮች ሰዓታቸውን እ.ኤ.አ. ከ1970 ይጀምራሉ፤ ከኢንተርኔት ሰዓት የሚያመጣው አገልግሎት ካልበራ እዚያው ይቀራሉ። በእኛ አስተያየት በሰዓት የሚሠራ ቅድሚያ ከጥቅሙ ውጣ ውረዱ ይበልጣል፤ ደንቡ መስመር ሳይሞላ ምንም ስለማይነካ ሃያ አራት ሰዓት ቢበራ ጉዳት የለውም።

ሁሉም ራውተር ላይ መሥራቱን በምን አረጋግጣለሁ?

መስመሩን ሆን ብለው በመሙላት ነው። ከአንድ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል እየላኩ ከሌላው ፒንግ ያድርጉ፣ ማለትም ምላሽ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ ይለኩ። ባዶ መስመር ላይ 30 ሚሊሴኮንድ የነበረው ሲሞላ ወደ 40 ከፍ ቢል ጥሩ ነው፤ 600 ከደረሰ ወረፋው አሁንም ሞደሙ ውስጥ ነው፣ ገደብዎንም ዝቅ ያድርጉ።

ከዚያ ምልክቱን በየደረጃው ይከተሉት። አይፐርፍ3 በተባለው የመፈተኛ ፕሮግራም የአገልግሎት ዓይነት ባይቱን 184 ብለው ሞልተው ይላኩ፤ 46 በአራት ሲባዛ 184 ነውና ፓኬቶቹ በ46 ምልክት ይወጣሉ። የፓኬቶችን ራስጌ የሚያሳየውን ዋየርሻርክን የከፈቱበትን ላፕቶፕ መጀመሪያ ከውስጠኛው ራውተር ቀጥሎ፣ ቀጥሎ ከስዊቹ ወዲያ፣ በመጨረሻ ከመውጫው ራውተርና ከሞደሙ መሐል ያስገቡና በእያንዳንዱ ቦታ 46 መሆኑን ያንብቡ። 0 ያዩበትን የመጀመሪያውን ቦታ ይያዙ፤ ችግሩ ያለበት መሣሪያ ከዚያ ቦታ በፊት ያለው ነው። ፍተሻውን ከጨረሱ በኋላ በሲስኮ መሣሪያዎች ላይ ለውጡን ወደ ቋሚ ማኅደሩ ማስቀመጥዎን አይርሱ፤ ካልተቀመጠ መብራት አንድ ጊዜ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።